እየቆራረጠ ስለሚጽፍ ብዕር

ለተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ከአያቶቻችሁ ሣጥን ያገኛችሁትን ወይም በቅርቡ የገዛችሁትን የቀለም ብዕር ይዛችሁ ከዚራ ወደሚገኘው ቤቴ ስትመጡ፣ የምትነግሩኝ ችግር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እየቆራረጠ ይጽፋል» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን በሒሳብ መዝገብ ላይ ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ ችግሩን አሳምሬ አውቀዋለሁ። የ7 ቁጥር ራስ ሳይጻፍ ተዘሎ 1 መስሎ በመገኘቱ፣ ድምሩ አልገጥም ብሎኝ ግማሽ ቀን የዋልሁበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ብዕሩን እንዳትጫኑት ነው። የቀለም ብዕር እንደ እስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለሙ ከማጠራቀሚያው በቀጭን ቦይ ወርዶ፣ በጫፉ መካከል ባለው ስንጥቅ በኩል በራሱ ወደ ወረቀቱ ይሳባል፤ በወጣው ቀለም ምትክ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ሉዊስ ዋተርማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቦይ ይህንኑ ልውውጥ የሚያስተካክል ነበር። በእኛ በድሬዳዋ ሙቀት ክዳኑ ተከፍቶ የተቀመጠ ብዕር ቀለሙ በቶሎ ስለሚደርቅ፣ ከሚመጡልኝ ብዕሮች የሚበዙት ከመታጠብ በቀር ሌላ ጥገና አይፈልጉም።

ሲታጠብ ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን፤ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከጨመራችሁ በኋላ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማችሁ ሳቡና አስወጡ። ፈጽሞ ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፤ የድሮዎቹ ጥቁር ብዕሮች ብዙዎቹ ከጠነከረ ጎማ የተሠሩ በመሆናቸው ሙቅ ውሃ ሲነካቸው ቡኒ ይሆናሉ። የከተማችን ውሃ በጀበናችን ውስጥ ምን እንደሚያስቀር ታውቃላችሁና፣ የመጨረሻውን እጥበት የተጣራ የባትሪ ውሃ አድርጉት። (ስትገዙ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጠርሙሱን አይታችሁ ተቀበሉ።)

ታጥቦም ከቆራረጠ፣ የት ላይ እንደሚቆራርጥ ተመልከቱ። ከገጹ ግርጌ አካባቢ ብቻ ከሆነ ጥፋተኛው ብዕሩ ሳይሆን ወረቀቱን ያወዛው እጃችሁ ነው፤ ከእጃችሁ ሥር ብጣሽ ወረቀት አድርጉ። ሁልጊዜ ቀለሙ የሚያንስ ከሆነ ስንጥቁ ጠቧል ማለት ነው፤ ይህም 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የነሐስ ቅጠል በዝግታ ይላላል። እኔ በወጣትነቴ ይህን ሳላውቅ በምላጭ ሞክሬ፣ ከአለቃዬ የተሰጠኝን ብዕር ጫፍ ቧጥጬ ጥቅም አሳጥቼዋለሁ። የየቃሉን የመጀመሪያ ጭረት ብቻ ዘሎ ከዚያ በኋላ ደህና የሚጽፍ ከሆነ ግን፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጠንካራ እንክብል ከመጠን በላይ ተወልውላ የስንጥቁ ከንፈሮች ወደ ውስጥ ዞረዋል፤ ቀለሙ ደጃፉ ድረስ መጥቶ ወረቀቱን መንካት ያቅተዋል። ይህ በአዳዲሶቹም ላይ ይታያል። ጥገናው 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ እጅግ የላመ ማለስለሻ ወረቀትና ብዙ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ፣ በምትወዱት ብዕር ላይ አትማሩበት።

የቀለሙንም ነገር አትርሱ። የሥዕል ጥቁር ቀለም ሙጫ ስላለበት ቦዩን ይደፍናል። ስለ ቀለም ካነሣሁ አይቀር፣ በልጅነቴ መጋላ ውስጥ የምላላክለት የመናዊ ነጋዴ «ቀለም» ሲለኝ ብልቃጡን ይዤ ሄጄ ስቆብኛል፤ በዐረብኛ ቀለም ማለት ብዕሩ ነውና።

የድሮው ይሻላል ወይስ የአሁኑ ለምትሉኝ፣ የድሮው የ14 ካራት ወርቅ ጫፍ አሲድነት ባለው ቀለም አይበላም፤ ነገር ግን ወረቀቱን የሚነካው ወርቁ ሳይሆን እንክብሏ በመሆኗ፣ ልስላሴው ከወርቁ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው ፓርከር 51 ጫፉ በሽፋን ውስጥ ስለተደበቀ በሙቀታችን እንኳ ቶሎ አይደርቅም፤ ከ1948 ወዲህ የተሠሩት ደግሞ ቀለም የሚይዘው የፕላስቲክ ከረጢታቸው እስከ ዛሬ የሚያገለግልባቸው ብዙ ናቸው። ሲቆሽሽ ግን ያው ሽፋን ማጠቡን የቀናት ሥራ ያደርገዋል። የሌሎቹ የድሮ ብዕሮች የጎማ ከረጢት ደርቆ እንደ ሸክላ ይሰባበራል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የሚሠራው ላሚ ሳፋሪ በበኩሉ ጫፉ ቢበላሽ በእጅ ተስቦ ወጥቶ ሌላ ይገባበታል። እኔ በመሳቢያዬ ያለችውን ፓርከር በምንም አልለውጣትም፤ ለጀማሪ ግን የአሁኑን እመርጣለሁ፤ ስሕተታችሁ ርካሽ በሆነ ጫፍ ላይ ይለቅ።

የአያታችሁን ብዕር የምታመጡልኝ ከሆነ ቀለም ሳትሞሉበት ደረቁን አምጡት፤ ከረጢቱን መጀመሪያ ከፍቼ ልየው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል እቤት አለሁ።