«ሴት ባሏ ጋ ትሄዳለች» ብለው ከለከሉኝ

ጥያቄ፦ ያደግኩት ጅማ ዙሪያ ነው። አባታችን ሲያርፍ የቡና መሬቱን ወንድሞቼ ተካፈሉት። ድርሻዬን ስጠይቅ «ሴት ባሏ ጋ ትሄዳለች» አሉኝ። ልክ ናቸው እንዴ?

መልስ፦ በፍጹም ልክ አይደሉም፣ እህቴ! ያንን ቡና ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትለቅሚ፣ ስታሰጪ፣ እንግዳ ሲመጣ ቆልተሽ ስታፈዪ «ባልሽ ጋ ሂጂ» ያለሽ አልነበረም፤ ሴትነትሽ ትዝ ያላቸው ድርሻ ሲመጣ ነው። ይሄ ያናድደኛል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 መሠረት ሴቶች በመሬትም በውርስም ከወንዶች እኩል መብት አላቸው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ቢሉሽም፣ አንቀጽ 34 ያንቺን ፈቃድ ይጠይቃል። ሽማግሌ ይግባ ካሉ እሺ በይ፤ ግን ያልገባሽ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። የውርስ ክስ ይርጋ (የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) አለው፣ ስለዚህ ሳትዘገዪ የሕግ ባለሙያ አማክሪ።