የጨረር ቀን ሲቀር ምን ይጎድላል?

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አፍ፣ ስለ ጉሮሮና ስለ ማንቁርት ካንሰር ናቸው። ሐኪሞች እነዚህን በአንድ ላይ የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ይሏቸዋል፤ አንጎል ግን አይጨመርም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመቱ ነው። የማንቁርት ካንሰር ተገኝቶበት 35 ቀን ጨረር ታዘዘለት። አሥራ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ አፉ ቆስሎ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቃተው። «ሁለት ሳምንት ልረፍ፣ ጸበሌንም ልጠጣ፣ ጉልበት ሳገኝ እቀጥላለሁ» ይላል። ሐኪሙ በፍጹም አይሆንም አሉ። ቢያርፍ ምን ይጎዳዋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሐኪሙ ልክ ናቸው። አባትዎ ሁለት ሳምንት ቢያርፉ አፋቸው ያገግማል፤ ካንሰሩም አብሮ ያገግማል።

የተለመደው መጠን 70 ግሬይ ነው። ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው። በቀን 2 ግሬይ፣ በሳምንት አምስት ቀን እየተሰጠ በሰባት ሳምንት ያልቃል። እንዲህ የሚከፋፈለው ጤነኛው ሥጋ ከአንዱ ቀን እስከ ሌላው ራሱን እንዲጠግን ነው፤ የካንሰር ሴል በዚህ በኩል ደካማ ነው። ነገር ግን ወደ አራተኛው ሳምንት ሲጠጋ ከሞት የተረፉት የካንሰር ሴሎች ከበፊቱ ፈጥነው መባዛት ይጀምራሉ። የጨረር ተመራማሪው ዊዘርስና ባልደረቦቹ በ1988 ባወጡት ጥናት ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሕክምናው በተራዘመ በእያንዳንዱ ቀን ያንኑ ውጤት ለማግኘት 0.6 ግሬይ ገደማ መጨመር እንደሚያስፈልግ አስልተዋል። አሁን አባትዎ ያሉት ልክ አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። 14 ቀን በ0.6 ቢባዛ 8.4 ግሬይ ይመጣል። ከአራት ቀን በላይ የወሰዱት ጨረር እንዳልተሰጠ ተቆጠረ ማለት ነው።

ነገሩ በወረቀት ስሌት ብቻ አልቀረም። ዴንማርኮች 1,476 ታካሚዎችን ለሁለት ከፍለው ለሁሉም ያንኑ የጨረር መጠን ሰጡ፤ ልዩነቱ አንዱ ቡድን በሳምንት አምስት፣ ሌላው ስድስት ጊዜ መታከሙ ነበር። ስድስት ጊዜ የታከሙት አንድ ሳምንት ቀድመው ጨረሱ። በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በቦታውና በአንገት ንፍፊቶች ላይ ሳይመለስ የቆየላቸው ከ60 በመቶ ወደ 70 በመቶ ከፍ አሉ። ማንቁርታቸውን ከነድምፃቸው ያተረፉትም በርክተዋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አፍሪካን ጨምሮ የሕክምና አቅም በሚያንስባቸው አገሮች ዘጠኝ ማዕከላት ይህንኑ ሞክሮ በ2010 ውጤቱን ሲያወጣ ከ30 በመቶ ወደ 42 በመቶ አደገ። አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ ማሽን የለም፤ የተለወጠው የቀን መቁጠሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ጥናት ደጋግመን የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ማሽን ተበላሽቶም ሆነ በሕመም አንድ ሁለት ቀን ቢቀርስ? የእንግሊዝ የጨረር ሐኪሞች ኮሌጅ እንዲህ ላለው ካንሰር ሕክምናው ከሁለት ቀን በላይ እንዳይራዘም ያዛል። የቀረው ቀን ቅዳሜ ይካካሳል፣ ወይም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ በመካከላቸው ግን ቢያንስ ስድስት ሰዓት መኖር አለበት። ካነሰ ጤነኛው ሥጋ ሳይጠገን በላይ በላዩ ይመታል። የቀረውን ቀን መጨረሻ ላይ መቀጠል የመጨረሻው አማራጭ ነው። «የቀረብንን ቀን እንዴት ነው የምታካክሱልን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም።

አሁን ወደ አፋቸው እንምጣ። አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ በየሁለት ሰዓቱ ይጉመጥመጡ፤ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ አይነካ። የሚዋጥ ማስታገሻ ካልበቃ የሞርፊን ሽሮፕ ይታዘዝላቸው፤ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ሲወሰድ ያበላል። ቤተሰብ «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ ሞርፊን ሲከለክል ታካሚው መብላት ያቆማል፣ ከዚያ ሕክምናው ይቋረጣል። በርበሬ፣ ሎሚና ትኩስ ነገር ይቅር። አጥሚት ከወተትና ከቅቤ ጋር፣ ለስላሳ ገንፎ፣ በደንብ የተፈጨ ሾርባ፣ እንቁላል የተመታበት ወተት ይስጧቸው። ጾም ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል።

ክብደታቸውን በየሳምንቱ ይመዝኑ። ምክንያቱ ጭምብሉ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠንካራ የፕላስቲክ መረብ በሙቅ ውኃ ለስልሶ ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ተጎትቶ፣ እንደተጋደሙ ደርቆ ቅርጻቸውን ይዟል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከጠረጴዛው ጋር የሚቆልፋቸው እሱ ነው፤ ጨረሩም የሚነጣጠረው በሚሊሜትር ነው። ሰው ሲከሳ ጉንጭና አንገት ይጎድልና ጭምብሉ ውስጥ ጭንቅላት መንቀሳቀስ ይጀምራል። ያኔ ካንሰሩ ሊያገኝ የሚገባውን ጨረር የምራቅ ዕጢ ወይም ሕብለ ሰረሰር ሊቀበለው ይችላል። ጭምብሉ ከላላ ለቴክኒሻኑ ወዲያው ይንገሩ፤ ሲቲ ስካን ተነሥቶ ዕቅዱ እንደገና ይሠራል። ክብደቱ በፍጥነት እየወረደ ከሆነ ወይም ውኃ እንኳ አልወርድ ካለ፣ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል የሚገባ የምግብ ቱቦ ያስፈልጋል። ቱቦ ቢገባም ጥቂት ጥቂት ውኃ መዋጥ አይቁም፤ ለሳምንታት ያልዋጠ ጉሮሮ ኋላ መዋጥ ያስቸግረዋል።

ጸበሉን በተመለከተ ምርጫ ውስጥ አይግቡ። ጨረር በሌለባቸው ቅዳሜና እሑድ በቅርብ ካለ ጸበል ይጠጡ፤ ሩቅ ቦታ ሱባኤ መግባት ግን ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የምላስ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች። ከጨረሩ ጋር ሲስፕላቲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት (ኬሞ) እንደምትወስድ ሲነግሩን አንዱ ሐኪም በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ሌላው በየሳምንቱ አሉ። ማንን እንመን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለየው በካሬ ሜትር ስንት ሚሊግራም እንደታዘዘ ነው። ካሬ ሜትሩ ከቁመትና ከክብደት የሚሰላ የሰውነት ስፋት ነው። የቆየው ልማድ በየሦስት ሳምንቱ 100 ሚሊግራም፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ ነው። ሙምባይ የሚገኘው ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል በ2018 ባወጣው ጥናት ይህን በየሳምንቱ ከሚሰጥ 30 ሚሊግራም ጋር ሲያነጻጽር 30ው አነሰ፦ በሁለት ዓመት ካንሰሩ በቦታው ያልተመለሰባቸው 58.5 በመቶ ሲሆኑ በ100ው 73.1 በመቶ ነበሩ። ጃፓኖች ግን ሳምንታዊውን ወደ 40 ከፍ አድርገው፣ ልክ እንደ ባለቤትዎ ቀዶ ሕክምና ያደረጉና የመመለስ አደጋቸው ከፍ ያለ 261 ሰዎች ላይ ሞከሩት። በ2022 እንደታተመው፣ በሦስት ዓመት በሕይወት የነበሩት በ100ው 59.1፣ በሳምንታዊው 40 ደግሞ 71.6 በመቶ ናቸው። ኩላሊትንና ጆሮን የሚጎዳውም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ለባለቤትዎ የታዘዘው ሳምንታዊ ከሆነ 40 መሆኑን ያረጋግጡ። ስፋቷ 1.6 ካሬ ሜትር ከሆነ በየሳምንቱ 64 ሚሊግራም ማለት ነው።

ከእያንዳንዱ መድኃኒት በፊት የኩላሊት ምርመራ ይደረግ። ከወሰደች በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት በቀን ሁለት ሊትር ያህል ትጠጣ፤ ካስመለሳት በደም ሥር ይሰጣት። ለሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ለኢንፌክሽን ጄንታማይሲን ሰፈር ካለ ክሊኒክ እንዳይሰጣት፤ ከሲስፕላቲን ጋር ሆነው ኩላሊት ይጥላሉ። ጆሮዋ ውስጥ ጩኸት ከጀመራት ቀጣዩ ከመሰጠቱ በፊት ትናገር። ኩላሊቷ ወይም ጆሮዋ ሲስፕላቲን የማይችል ከሆነም ባዶ ጨረር ብቻ አይቀርላትም። ያው ታታ ሜሞሪያል በ2023 እንዳሳየው፣ ሲስፕላቲን ለማይስማማቸው ሰዎች በየሳምንቱ በካሬ ሜትር 15 ሚሊግራም ዶሴታክሰል የተባለ ሌላ የካንሰር መድኃኒት ሲታከል በሁለት ዓመት በሕይወት የነበሩት ከ41.7 ወደ 50.8 በመቶ ከፍ ብለዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የአፍ ካንሰሩ ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር በኋላ ተመለሰበት። እዚህ አሜሪካ አዲስ ኢሙኖቴራፒ ጸደቀ ሲባል ሰማሁ። ገዝቼ ልላክለት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ኢሙኖቴራፒ የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነሣሣ ሕክምና ነው። የሰሙት በሰኔ 2025 የጸደቀው ፔምብሮሊዙማብ የተባለው የዚህ ዓይነት መድኃኒት አሰጣጥ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ገና ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ላሉ ሰዎች ነው፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ጊዜ፣ በኋላ እስከ 15 ጊዜ። ለተመለሰ ካንሰር መድኃኒቱ ቀድሞም ይሰጥ ነበር፤ ይጠቅመው እንደሆነ ለመገመት ናሙናው ላይ ፒዲ-ኤል-1 የተባለው ፕሮቲን ይመረመራል።

ዋጋው ከባድ ከሆነ አንድ ጥናት ለሐኪሙ ያንሡ። ታታ ሜሞሪያል በአፍ የሚወሰዱ ሦስት ርካሽ መድኃኒቶች (ሜቶትሬክሴት፣ ሴሌኮክሲብና ኤርሎቲኒብ) ላይ በየሦስት ሳምንቱ 20 ሚሊግራም ኒቮሉማብ የተባለ ሌላ የኢሙኖቴራፒ መድኃኒት ጨመረ። የተለመደው የኒቮሉማብ መጠን በየሁለት ሳምንቱ 240 ሚሊግራም ነው። በአንድ ዓመት በሕይወት የነበሩት ከ16.3 ወደ 43.4 በመቶ ደረሱ። ትንሹ መጠን ከሙሉው ጋር እንዳልተነጻጸረ ግን አይርሱ፤ «እኩል ነው» ማለት አይቻልም። ሙሉውን መግዛት ለማይችል ሰው ግን ከምንም ይልቅ እጅግ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

መላኩ ራሱ ፈተና ነው። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ወይም ከተናወጠ ይበላሻል፤ ሲያዩት ግን ላያስታውቅ ይችላል። ሻንጣ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ይደውሉና የሚሰጠውንና የሚከታተለውን ሰው ያረጋግጡ። ለወንድምዎም ይህን ይንገሯቸው፦ ኢሙኖቴራፒ የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ሲይዘው «አሜባ ነው» ተብሎ ፍላጂል ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል። መድኃኒቱ አንጀትን አስቆጥቶ ከሆነ የሚያድነው ስቴሮይድ ነው፤ ቀናት ከባከኑ አንጀት እስከ መበሳት ይደርሳል። አዲስ ሳልና ትንፋሽ ማጠርም እንደዚሁ ቶሎ መታየት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ጨረር ልጀምር ነው። የተቦረቦሩ ሁለት መንጋጋ ጥርሶች አሉኝ። ከጨረሩ በኋላ ብነቅላቸው አይሻልም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይሻልም። ከፍተኛ ጨረር ያገኘ የመንጋጋ አጥንት የደም ሥሮቹ ስለሚጠቡ ከዓመታት በኋላም ቢሆን የተነቀለበት ቦታ ሳይድን ቀርቶ አጥንቱ ሊሞት ይችላል። የማይጠገኑ ከሆነ አሁኑኑ ይነቀሉ፤ ድዱ እንዲድን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ጭምብሉ ከመሠራቱ በፊት ይሁን፣ ጉንጭዎ አብጦ ሳለ የተሠራ ጭምብል እብጠቱ ሲወርድ ይላላልና። የሚቀሩትን ጥርሶች ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹ፣ ምራቅዎ ስለሚቀንስ የመበስበስ አደጋው የዕድሜ ልክ ነው። ወደፊት ጥርስ የሚነቅልልዎት ማንም ቢሆን መንጋጋዎ ስንት ግሬይ እንደወሰደ ማወቅ አለበትና የጨረር ወረቀትዎን አይጣሉት።