ከምርቃና በኋላ እንቅልፍ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለፈተና ስዘጋጅ ጫት እቅማለሁ፤ ስመረቅን ሁሉም ነገር ይቀለኛል፣ ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ በማግስቱም ድብርት ይጫነኛል። ጓደኞቼ «በቢራ ጨብስ» ይሉኛል። ይህ መፍትሔ ይሆናል?

መልስ፦ በለጋው የጫት ቅጠል ውስጥ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀና በአሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚቀራረብ ካቲኖን የተሰኘ ንጥረ ነገር አለ። ካቲኖን አንጎል ሲደርስ የነርቭ ሴሎች ያከማቿቸውን ዶፓሚንና ኖርኤፒንፍሪን የተባሉ አነቃቂ የአንጎል ኬሚካሎች በብዛት እንዲለቁ ያደርጋል፤ ምርቃናው፣ የእንቅልፉ መጥፋት፣ የጨዋታው ድምቀትና በበነጋታው የማይፈጸመው ያ ሁሉ ዕቅድ የሚመነጩትም ከዚሁ ነው። ልብዎ በፍጥነት የሚመታው፣ የደም ግፊት የሚጨምረውና የምግብ ፍላጎት የሚዘጋው በተለይ በኖርኤፒንፍሪን ምክንያት ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥ፣ የአወዳይ ነጋዴዎች ጫቱን እርጥበቱ እንደተጠበቀ በጥድፊያ የሚልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የካቲኖን ኃይል ሲበርድ ስሜትም አብሮ ይወርዳል፤ የማግስቱ ድብርት ይኸው ነው። ቢራው ደግሞ ጋባ የተባለውን የአንጎል አረጋጊ ኬሚካል ሥራ ስለሚያጠናክር ያደነዝዝዎታል እንጂ ካቲኖንን ከደምዎ አያስወጣም፤ የሚያመጣውም እንቅልፍ የተቆራረጠ ነው። አንጎል ያጠኑትን ትምህርት በሚገባ የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ በእኔ እምነት ለፈተና ብሎ መቃም ኪሳራ ነው። ደረትዎን ከወጋዎት፣ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማዎት፣ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።