ማሽኑን፣ ገንዘቡንና ወንዙን አንድ ላይ የሚያስተምር ክፍል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የምኖር ቡና አቅራቢ ነኝ። ልጄ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ የጋራ ዓመት ጨርሶ የትምህርት ክፍል ሊመርጥ ተቃርቧል። በሒሳብና በፊዚክስ ጎበዝ ስለሆነ ምሕንድስና እንዲገባ እመኛለሁ፤ እናቱ ደግሞ የቤተሰቡን ሥራ የሚረከበው እሱ ስለሆነ ማኔጅመንት ይሻለዋል ትላለች። እሱ ራሱ ግን በውጭ አገር ማኔጅመንትን፣ ምሕንድስናንና ዘላቂነትን አጣምረው የሚያስተምሩና የሚመራመሩ የትምህርት ክፍሎች እንዳሉ አንብቦ፣ «ለእኛ አገር የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ነው» ይላል። ለመሆኑ ሦስቱ በአንድ ክፍል ሊኖሩ ይችላሉ? ወይስ ልጁ ሦስት ትምህርት ጀምሮ አንዱንም ሳይጨብጥ ይቀራል? — አባት፣ ከጅማ

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ የልጅዎ ሐሳብ ሕልም አይደለም። በስዊድን የሚገኘው የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስናን ከኢንዱስትሪ ኢኮኖሚ ጋር አጣምሮ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ ዛሬ የማሽን ምሕንድስና፣ የንግድ ሥራ አመራር፣ የምጣኔ ሀብትና የአካባቢ ቴክኖሎጂ መምህራን በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር ይሠራሉ። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስናንና የሕዝብ ፖሊሲን የሚያጣምር ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አቋቁሟል፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም የአመራር ሳይንስና ምሕንድስና ክፍሉን የመሠረተው ቀድሞ ለየብቻቸው የነበሩ ክፍሎችን በማዋሐድ ነው። ዘላቂነት በእነዚህ መስኮች ላይ ጎልቶ የታከለው፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያቋቋመው የብሩንትላንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ሪፖርቱን ካወጣ ወዲህ ነው፤ ሪፖርቱ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የመጪውን ትውልድ ዕድል እንዳያጠብ ያሳስባል።

ሦስቱ ለምን አንድ ላይ እንደሚያስፈልጉ ለማስረዳት ከእርስዎ ሥራ የሚቀርብ ምሳሌ የለም። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል እንዳለበት፣ ካደረ ጥራቱ እንደሚወርድ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ገበሬው ቀኑን ሲለቅም ውሎ አመሻሽ ላይ ስለሚያመጣ፣ መፈልፈያው ቀን ሥራ ፈትቶ ይውልና ማታ ይጨናነቃል። እንግዲህ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ትልቅ ማሽን ይግዛ ወይስ የመረከቢያውን ሰዓት ከመንደር መንደር ያፈራርቅ? የመጀመሪያው የምሕንድስና መልስ ነው፤ ሁለተኛው የማኔጅመንት። ሁለቱንም በወረቀት ላይ አስልቶ ማወዳደር የሚችል ሰው ከሌለ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ትልቁን ማሽን መግዛት ነው፤ ማሽኑም ከጥቂት ወራት የዘለለ ሥራ ሳይሠራ ዓመቱን በሸራ ተሸፍኖ ይከርማል።

አሁን ደግሞ ገንዘቡን እንመልከት፤ ቁጥሮቹን የምወስደው ለማስረዳት ብቻ ነው። ውኃ ቆጣቢው መፈልፈያ ከተለመደው በ600,000 ብር ቢወደድ፣ በየዓመቱ ደግሞ በነዳጅ፣ በውኃ መሳቢያና በጉልበት 150,000 ብር ቢያስቀር፣ ስለ ወለድ ያልተማረው መሐንዲስ «በ4 ዓመት ራሱን ይመልሳል» ብሎ ይመክርዎታል። ብሩ በ15 በመቶ ወለድ የተበደሩት ከሆነ ግን ያው ልዩነት የሚመለሰው ከ6 ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። በተቃራኒው ማሽን የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ ወለዱን በትክክል ያሰላና፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ፣ በለቀማው መካከል ቢሰበር ስንት ቀን እንደሚቆም ሳይጠይቅ ይወስናል። ሁለቱም በየሙያቸው ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ ጉዳቱ የደረሰው የአንዱ ስሌት ለሌላው ስላልደረሰ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ወንዙ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ አካባቢ ከሁሉም የተረሳው ይህ ነው። አንድ ኪሎ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ቡና ያስፈልጋል፤ የቀረው ልጣጭ፣ ሙጫማ ሽፋንና ውኃ ነው። ከማጠቢያው የሚወጣው ፍሳሽ ስኳር የተሸከመ በመሆኑ፣ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውና በውኃ ውስጥ የሚኖሩት ሌሎች ፍጥረታት ይታፈናሉ፣ ውኃውም ይሸታል። ክረምቱ በመስከረም ካበቃ በኋላ የወንዞቻችን ውኃ ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ የሚሄድ ሲሆን፣ እሸት ቡና በብዛት የሚደርሰው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ፍሳሹ በሚበዛበት ወቅት ፍሳሹን የሚያቀጥነው ውኃ ያንሳል ማለት ነው። ከታች ባለው መንደር ከብቷን የምታጠጣው እናት የምትከፍለው ዋጋ ከላይ በቀረበው የ6 ዓመት ተኩል ስሌት ውስጥ የለም። ጥሩ የትምህርት ክፍል ተማሪውን ይህን ዋጋ እንዲያይና ወደ ስሌቱ እንዲያስገባ፣ ከዚያም ማጠራቀሚያ ገንዳ፣ ውኃን መልሶ መጠቀም፣ ልጣጩን ወደ ኮምፖስት መለወጥ፣ ከፍሳሹ ባዮጋዝ ማውጣት ከሚሉት አማራጮች መካከል ለዚያ ጣቢያ አቅም የሚስማማውን እንዲመርጥ ያስተምረዋል።

የእነዚህ ክፍሎች ምርምርም ከዚሁ ዓይነት ጥያቄ የሚነሣ ነው። በመስኩ ደጋግሞ የሚጠናው የዴንማርኳ ካሉንድቦርግ ከተማ ነው። እዚያ የኃይል ማመንጫው እንፋሎቱን ለነዳጅ ማጣሪያውና ለመድኃኒት ፋብሪካው ሲያቀርብ፣ ከጭሱ ማጽጃ የሚገኘው ጂፕሰም የግድግዳ ሰሌዳ ለሚሠራው ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። የመጀመሪያዎቹ ስምምነቶች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ የሚጀምሩ ሲሆን፣ ማንም በአንድ ትልቅ ዕቅድ አላዘጋጃቸውም፤ ጎረቤታሞች ሁለት ሁለት ሆነው ውል እየተዋዋሉ ቧንቧ ዘረጉ። ቧንቧውን መሐንዲስ ሊነድፈው ይችላል፤ ያለ ውሉ ግን ባዶ ብረት ነው። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ከተማ የሚኖር ተመራማሪ ይህን ታሪክ በጥሞና ሊያየው ይገባል እላለሁ።

ከእኛው አካባቢም ግልገል ጊቤ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ አንድ ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ሲኖረው፣ ከተርባይኖቹ የሚወጣው ውኃ ወደ 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተጉዞ 420 ሜጋ ዋት ያለውን ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ከላይ ባሉት ተዳፋት እርሻዎች የሚታጠበው አፈር ወደ ግድቡ ሐይቅ ገብቶ ሲከማች የሚጠበው የሁለቱም ማመንጫዎች ዕድሜ ነው። እርከን ለመሥራት የገበሬው ጉልበት ያስፈልጋል፣ ጥቅሙ ግን መብራት ለሚያገኘው ከተሜም ይደርሳል፤ ወጪውን ማን ይጋራ የሚለው ጥያቄ ስለ አፈር፣ ስለ ተርባይንና ስለ ገንዘብ እኩል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። ከሦስት ክፍሎች ጥቂት ጥቂት ኮርስ ቆንጥሮ በአንድ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ተማሪውን አይጠቅመውም። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ሦስቱን ሙያ የያዙ መምህራን አንድን ሥራ፣ ለምሳሌ አንድን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ አብረው ይመረምራሉ? የተማሪውንስ ጽሑፍ አብረው ያርማሉ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ትምህርቱ የተዋሐደ ነው፤ እያንዳንዱ መምህር የራሱን ኮርስ አስተምሮ የሚሄድ ከሆነ ግን የተዋሐደው ስሙ ብቻ ነው።

በእኔ እምነት ጅማ ለእንዲህ ያለ ክፍል ከብዙ ከተሞች የተሻለ መሠረት አላት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ራሱ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውሕደት ነበር። ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅበትም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው፤ በቡድን ሥልጠናው ለሕክምና፣ ለነርስነት፣ ለላቦራቶሪና ለመሰል ሙያዎች የሚማሩ ተማሪዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ተመድበው የአካባቢውን ችግር አብረው ያጠናሉ። ያንኑ ሥርዓት ወስዶ የምሕንድስና ትምህርት ከሚሰጥበት ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አንድ ተማሪ፣ ከቢዝነስና ኢኮኖሚክስ አንድ፣ ከግብርና ኮሌጁ አንድ፣ ሦስቱን ለአንድ የለቀማ ወቅት በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ መመደብ ምን ያህል ይከብዳል? ግቢዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም ከተማው አንድ ነው።

እስከዚያው ግን ልጅዎ ዛሬ መምረጥ ስላለበት ግልጽ ምክር ልስጥ። በመጀመሪያ ዲግሪው የታወቀ የምሕንድስና መስክ ይያዝ፤ የኢንዱስትሪ፣ የሜካኒካል፣ የኬሚካል ወይም የአካባቢ ምሕንድስና ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ በትምህርት ክፍሉ የመውጫ ፈተና የሚፈተን በመሆኑ፣ የመንግሥት የሥራ ማስታወቂያዎችም የትምህርት መስክን በስም ጠቅሰው የሚወጡ በመሆናቸው፣ ስሙ ያልተለመደ ዲግሪ በመጀመሪያው ሥራ ፍለጋ ላይ ሊያንገላታው ይችላል። ማኔጅመንቱንና ዘላቂነቱን በሁለተኛ ዲግሪ ቢጨምር፣ በየክረምቱ ዕረፍትም ከእርስዎ ሒሳብ መዝገብ ጋር ቢቀመጥ የእናቱም ሐሳብ ይሟላል።

ጥያቄ፦ በጅማ የሜካኒካል ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የቡና ገለባን ጨምቆ ለማገዶ የሚሆን ብሪኬት የሚያወጣ ማሽን መንደፍ ነው። በጽሑፌ ውስጥ «ዘላቂነት» የሚል አንድ ገጽ እንድጨምር ተነግሮኛል። በአንድ ገጽ ምን ልጻፍ? — ከኪቶ ፉርዲሳ

መልስ፦ እኅታችን፣ ርእሱ በአንድ ገጽ አይበቃም፤ ንድፍሽን ራሱን ይለውጠዋል። መጀመሪያ ገለባው አሁን የት እንደሚሄድ እወቂ። ገለባ በፖታሲየም የበለጸገ ነው፤ በቡናው ሥር ተመልሶ የሚበሰብስ ከሆነ አንቺ ቆሻሻ ያልሽው ለገበሬው ማዳበሪያው ነው። መፈልፈያው ጥግ ተቆልሎ የሚቃጠል ወይም ወደ ወንዝ የሚታጠብ ከሆነ ግን ማሽንሽ ጥቅም አለው። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ቢሄድም አብዛኛው ፖታሲየም በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ አመዱ ወደ ማሳ የሚመለስበትን መንገድ የሥራሽ አካል አድርጊው።

ከዚያ ገንዘቡ ይመጣል። ገለባ ቀላልና ቦታ የሚይዝ በመሆኑ የጭነት ዋጋው ከራሱ ዋጋ በቶሎ ይበልጣል፤ አንድ ትልቅ ማሽን በከተማ ከማቆም ትንሽ ማሽን በየመፈልፈያው ማድረስ ይሻል እንደሆነ ንድፉን ከመጨረስሽ በፊት አስዪው። በመጨረሻም ብሪኬቱን በምትሸጭላቸው ቤቶች ምድጃ ላይ ሞክሪው፤ ከመጥበቁ ይልቅ ጭሱና የመቀጣጠሉ ነገር ነው ገዢን የሚወስነው። የቢዝነስ ኮሌጅ ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛ ቢያግዝሽ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ጥያቄ፦ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ምሕንድስና አልገባም። በዚህ በሦስቱ መገናኛ ለእኔ ቦታ አለ? — ከሄርማታ

መልስ፦ አለ፤ ወንድማችን፣ እንዲያውም በአሁኑ ጊዜ በጣም የሚፈለግ ቦታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ቡናን ጨምሮ ሰባት ዓይነት ምርቶች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣታቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ለዚህም ምርቱ የበቀለበት ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። የተፈጻሚነቱ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የተራዘመ ቢሆንም ዝግጅቱ ጊዜ የሚወስድ ነው። በጅማ ዙሪያ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና የሚሰበሰበው ከብዙ ትናንሽ ማሳዎች ሲሆን፣ በአንድ ጆንያ ከተቀላቀለ በኋላ የማን እንደሆነ ለመለየት መዝገቡ ከለቀማው ዕለት መጀመር ይኖርበታል። ማሽን ይህን አይሠራም፤ የገበሬውን አመኔታ ያገኘ፣ መዝገብ መያዝ የሚችል፣ ስለ ደንና ስለ መሬት ይዞታ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሠራው።

ከሒሳብ ግን አትሽሽ። ስታቲስቲክስን፣ የሒሳብ አያያዝን፣ ውስን ሀብትን ለብዙ ፍላጎት የሚያደላድለውን ሊኒየር ፕሮግራሚንግንና የካርታ ሥራ ሶፍትዌርን ከያዝክ ከመሐንዲሶቹ ጋር በእኩልነት መነጋገር ትችላለህ። በኢኮኖሚክስ፣ በማኔጅመንት ወይም በጂኦግራፊ ክፍል ብትመደብ ሦስቱም ወደዚህ ሥራ ያደርሳሉ፤ በመጪው ለቀማም በአቅራቢያህ ወዳለ ማኅበር ሄደህ ለመዝጋቢነት እንዲቀበሉህ ጠይቅ።