ነዳጅ እያለ ሞተሩ ለምን ጠፋ?

የአውሮፕላኑ የቀኝ ታንክ ግማሽ ድረስ ነዳጅ እያለው ሞተሩ አየር ላይ የጠፋው የነዳጅ መምረጫው፣ ማለትም ሞተሩ ከየትኛው ታንክ ነዳጅ እንደሚወስድ የሚወስነው ማዞሪያ፣ ባዶው የግራ ታንክ ላይ ስለቀረ ነው። እንደ ፓይፐር ቼሮኪ ባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች መምረጫው «ግራ»፣ «ቀኝ» እና «ዝግ» ብቻ ነው ያለው። ሴስና 172 ላይ እንዳለው «ሁለቱም» የሚል የለውም። አብራሪው ካላዞረው በራሱ አይዞርም።

ሲያጋጥምህ፦

1. መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርገህ ያለ ሞተር የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት ያዝ።
2. መምረጫውን ነዳጅ ወዳለው ታንክ አዙር።
3. የኤሌክትሪክ ፓምፑን አብራ፣ የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ወደፊት ግፋ።

ሞተሩ ወዲያው ካልተነሳ አትደንግጥ። መስመሩ ውስጥ የገባው አየር እስኪወጣ ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል። ከፍታህ ትንሽ ከሆነ ግን ከመምረጫው ጋር አትታገል፣ ማረፊያህን ፈልግ።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምርልህ። ተማሪ ሳለሁ ለመነሳት መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሜ ታንክ ልቀይር ስል አስተማሪዬ እጄን ያዘኝ። ያኔ ገርሞኝ ነበር። ለካ አዲሱ ታንክ ችግር ቢኖርበት እንኳ መስመሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ለመነሳት ይበቃል፤ ጉዱ የሚመጣው ከመሬት ከለቀቅክ በኋላ ነው። ስለዚህ የሞተር ፍተሻውን ከማድረግህ በፊት ቀይር፣ በዚያው ታንክም ተነሳ። የነዳጅ ጌጁንም ብቻ አትመን፣ ክዳኑን ከፍተህ በመለኪያ እንጨት ለካ።