ቤንች ፕረስ፦ ፍጥነትና ብዙ ድግግሞሽ አብረው ይሄዳሉ? (ጥያቄና መልስ)

ስለ ቤንች ፕረስ (በጀርባ ተኝቶ ባር ወደ ላይ መግፋት) ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከአራት ኪሎ፣ ከስታዲየምና ከሜክሲኮ አካባቢ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ጊዜ ሰጥታችሁ ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ። እነሆ መልሱ።

ኮች፣ ፍጥነትና ብዙ ድግግሞሽ በአንድ ቀን ይሠራል? የቱ ይቅደም?

ይሠራል። ፍጥነቱ ይቅደም። ፍጥነት የሚሠራው ሰውነት ሳይደክም ነው። መጀመሪያ 15 ገፍተህ ክንድህ እየተንቀጠቀጠ፣ ባሩ በፍጥነት አይነሳልህም።

በደንብ አሟሙቅ። ከዚያ 8 ዙር፣ በየዙሩ 3 ጊዜ ግፋ። ክብደቱ አንዴ ብቻ መግፋት ከምትችለው ግማሹ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። 100 ኪሎ የምትገፋ ከሆነ 50 ወይም 55 ይበቃሃል፤ ባሩም ተቆጥሮ ነው። በየዙሩ መሃል አንድ ደቂቃ ያህል እረፍ። ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ተቀመጥና 2 ወይም 3 ዙር ከ12 እስከ 20 ሥራ። አንድ ሁለት ሲቀርህ አቁም፤ እስክትወድቅ አትግፋ።

50 ኪሎ ለኔ ጨዋታ ነው። ምን ይጠቅመኛል?

ዝም ብለህ ከገፋኸው ምንም። የምታወጣው ኃይል በክብደቱ ብቻ አይወሰንም፤ ባሩን ምን ያህል እንዳፈጠንከውም ይወስነዋል። ስለዚህ 50ውን 100 እንደሆነ አድርገህ ግፋው።

አገፋፉ እንዲህ ነው። የትከሻህን አጥንቶች ወደኋላ ሰብስበህ ቤንቹ ላይ አጣብቃቸው። እግርህ መሬቱን ይርገጥ። ባሩን ተቆጣጥረህ አውርድ፣ የደረትህን ታችኛውን ክፍል ይንካ። እዚያ አታንጥረው! በነጠረ ባር ሥራውን የሠራው ጡንቻህ አይደለም። ከነካ በኋላ ባለህ ኃይል ሁሉ ወደ ላይ ስደደው። ቀላል ባር መጨረሻው ላይ ሳታስበው ፍጥነት ይቀንሳል፤ ባሩ ላይ ላስቲክና ሰንሰለት የሚያስሩት ለዚህ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ እንዲከብድ። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የዌስትሳይድ ባርቤል መሥራች የነበረው ሉዊ ሲመንስ ይህን አሠራር በሰፊው አስተዋውቋል።

ጂማችን ያለው ባር እዚሁ የተበየደ ነው፣ ዲስኩም ከስሚንቶ። ስንት ኪሎ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ግማሹን እንዴት ላስላ?

በጣም የወደድኩት ጥያቄ ነው፤ የብዙዎቻችን ችግር ነውና። ሚዛን ካገኘህ ብቻህን ቁምበት፣ ከዚያ ባሩን ይዘህ ቁም፤ ልዩነቱ የባሩ ክብደት ነው። ዲስኮቹንም እንደዚሁ እየመዘንክ በማርከር ጻፍባቸው። ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ የስሚንቶ ዲስኮች ሊለያዩ ስለሚችሉ ግራና ቀኙን አመጣጥን።

ሚዛን ከሌለ ሒሳቡን ተወው። ጓደኛህ በስልክ ይቅረጽህ። በዙሩ ውስጥ ሦስተኛው ግፊት እንደ መጀመሪያው ከፈጠነ ክብደቱ ልክ ነው። ከተጎተተ ቀንስ።

ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ፍጥነት ልጨምርበት?

አይ እህቴ፣ ገና ነሽ። 3 ዙር ከ8 እስከ 12፣ በጥሩ አሠራር። ጠባቂ ሳይኖር ከባድ አትሞክሪ። አሁን በዚህ ብቻ ታድጊያለሽ።

ዕድሜዬ 54 ነው፣ ቤንች ስሠራ ትከሻዬን ያመኛል።

ጋሼ፣ ሕመሙ እያለ የፍጥነት ሥራ አይሞክሩ፤ ሐኪም ይዩት። እስከዚያ ፑሽ አፕ የማያምዎት ከሆነ እሱን ይሥሩ። ወደ ቤንች ሲመለሱም ክርንዎን ወደ ጎን ሙሉ በሙሉ አይክፈቱት፣ ወደ ጎድንዎ ቀረብ ያድርጉት። በገፉት ልክ ደግሞ ይሳቡ፤ የጀርባ ሥራ ትከሻን ይደግፋል።

ከድሬዳዋ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ 20 ስገፋ ትንፋሽ ያጥረኛል።

ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ይላል። ለጥቂት ሳምንታት በብዙ ድግግሞሹ ላይ ዕረፍትህን አርዝም። ትለምደዋለህ።

በጾምስ?

ፍጥነቱን ያዝ፣ የብዙ ድግግሞሹን ዙር ቀንስ። ከተቻለ በልተህ ሥራ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አኩሪ አተር ፕሮቲን አላቸው፤ ችግሩ ብዙ ሰው በጾም ጊዜ የሚበላው መጠን ማነሱ ነው። ወጡን ጨመር አድርግ።

በሳምንት ስንቴ?

አንድ ከባድ ቀን፣ አንድ የፍጥነት ቀን። መሃላቸው ሁለት ቀን ይሁን፦ ሰኞ ከባዱን ከሠራህ ሐሙስ ፍጥነቱን። ብዙ ድግግሞሹን ከሐሙሱ ጋር አድርገው፤ ሰኞ ከባዱ ራሱ ይበቃሃል።