መልስ፦ ክራሬ ቅኝቱ አልቆም አለ፣ ልምምዱም ሰለቸኝ
ወንድሜ፣ ማታ ማታ ክራሩን ባነሳኸው ቁጥር ቅኝቱ ወርዶ ስለሚጠብቅህ ነው የሰለቸህ። አዲስ የናይለን ክር መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል፤ ቃኝተህ እያንዳንዱን ክር መሃሉ ላይ በቀስታ ሳብ አድርገውና እንደገና ቃኘው፣ ሶስት አራት ጊዜ። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ቆዳው ስለሚረግብ ድምፁ ይወርዳል። ፀሐይ ላይ ግን እንዳታሰጣው፣ ቆዳው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለጊዜው ትዝታ ሜጀር የሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ይበቃሃል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ስድስተኛው ክር ላይኛው ዶ። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጋቸው ያው ዜማ ያለቅሳል።

ከቦርሳው አውጥተህ ግድግዳ ላይ ስቀለው፤ በቀን 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አትመኝ። ጠዋት የሰማሃትን ወፍ ድምፅ በሶስት ክር ፈልጋት፣ ቤት የሚመቱ ሁለት ስንኞች ጨምርባት፣ በስልክህ ቅዳት። ግጥሙ እምቢ ካለ በእንጉርጉሮ ሙላው።